ከሱማሌ ተራ እስከ ቹክ፦ የሰመጡ መርከቦችን ለማየት ለምታስቡ

ለሱቅ ጎረቤቶቼ "ትሩክ ልሄድ ነው" ስላቸው "ስንት ልታስገባ ነው?" አሉኝ። የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ውስጥ ሃያ ዓመት ኩሽኔታና ባሌስትራ የሸጠ ሰው ሌላ ምን ሊያደርግ ይሄዳል? መኪና ሳይሆን ደሴት እንደሆነ ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አንዱ አሁንም አላመነኝም። ቀረጥ ፈርቼ የደበቅኩት ጭነት ያለ ነው የሚመስለው።

ትሩክ የድሮ ስሙ ነው፤ አሁን ቹክ ይባላል። ፓስፊክ ውቅያኖስ መሀል ያለች ማይክሮኔዥያ የምትባል አገር አራት ክልሎች አሏት፤ ያፕ፣ ቹክ፣ ፖንፔይና ኮስራይ። ቹክ ማለት ዙሪያውን 225 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን የኮራል ግንብ የታጠረ ባሕር ነው። ውስጡ ተራራማ ደሴቶች አሉ። የታጠረው ውኃ ስፋት ከጣና ሐይቅ ያንሳል። ውጭ ማዕበሉ ሲናወጥ ውስጡ ጸጥ ይላል። ለመርከብ ማቆሚያ ከዚህ የተሻለ የለም። ጃፓኖች ይህ ስለገባቸው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከጀርመን ወሰዱት፤ በሁለተኛው ደግሞ ከአገራቸው ውጭ ካሏቸው ትልልቅ የባሕር ኃይል ሰፈሮች አንዱ አደረጉት።

የካቲት 9 እና 10 ቀን 1936 ዓ.ም. የአሜሪካ አውሮፕላኖች ከመርከብ እየተነሱ ሁለት ቀን ሙሉ ደበደቡት። ከ40 በላይ መርከቦች ሰመጡ። ከ250 በላይ አውሮፕላኖችም ወደሙ። አሁን ልብ በሉ፤ ትልልቆቹ የጦር መርከቦች አደጋውን ጠርጥረው ከቀናት በፊት ወጥተው ነበር። የቀሩት በብዛት ዕቃ ጫኝ፣ ነዳጅ ጫኝና ጥገና ሰጪ መርከቦች ናቸው። በእኛ ቋንቋ ጦሩ አመለጠ፤ መጋዘኑና ጋራዡ ሰመጠ። እኔን ቤቴ ድረስ መጥቶ የጠራኝ ይኼ ነው። ስለ መድፍ ግድ የለኝም። 80 ዓመት ውኃ ውስጥ የተቀመጠ የመኪና ጋቢና ግን ሳላይ አልሞትም አልኩ።

ከቪዛው እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ማይክሮኔዥያ ለአጭር ጉብኝት፣ እስከ 30 ቀን፣ ቪዛ አትጠይቅም። የመመለሻ ቲኬት ግን ታያለች። ይህን ሰምታችሁ እንዳትደሰቱ። ዋናው መንገድ ከቦሌ ቶኪዮ፣ ከቶኪዮ ጉዋም፣ ከጉዋም ቹክ ነው። ጉዋም የአሜሪካ ግዛት ናት። በሌላ በኩል በሆኖሉሉ ልምጣ ብትሉም አሜሪካ ነው። ስለዚህ የአሜሪካ ቪዛ ያስፈልጋችኋል። ቪዛው ሲመታላችሁ ደግሞ ከቀኑ በፊት ስንት ጊዜ ለመግባት እንደሚፈቅድ እዩ። ጉዋም ስትሄዱ አንድ፣ ስትመለሱ ሁለት ጊዜ ነው የምትገቡት። የአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ከተሰጣችሁ ቹክ ላይ ትቀራላችሁ ማለት ነው። ቲኬት የቆረጠችልኝ ልጅ ይህን አላነሳችም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ አንድ መንገደኛ ደንበኛዬ ነው ያነቃኝ። ደግነቱ የእኔ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ነበር፤ ያን ቀን ግን ላብ በላብ ሆኜ ነው ፓስፖርቴን ከመሳቢያ ያወጣሁት።

ለኤምባሲው ቀጠሮ ከፒያሳ የሽሮ ሜዳ ታክሲ ያዝኩ። ስድስት ኪሎ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ የየካቲት 12 ሐውልት አጠገብ ቆምን። የያዝኩት ወረቀት ላይ የምጎበኘው ቦታ ታሪክ ተጽፎ ነበርና ቀኑን አስተያየሁት። ቹክ የተደበደበችው ግራዚያኒ አዲስ አበባን ካስጨፈጨፈ ሰባት ዓመት ሊሞላው ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ረዳቱ "ወራጅ አለ?" እያለ ሲጮህ ነው የባነንኩት። ቃለ መጠይቁ ላይ ግን ታሪክ አትተርኩ። የት እንደምትሄዱ፣ ምን እንደምትሠሩ፣ ለምን እንደምትመለሱ በአጭሩ ተናገሩ። እኔ የሱቄን የንግድ ፈቃድና የጠላቂነት ካርዴን ይዤ ነበር።

ገንዘቡ የአሜሪካ ዶላር ነው። ባንክ ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ይዛችሁ ስትሄዱ ዘርዘር ያለ ኖት እንዲሰጧችሁ ለምኑ። አንድ፣ አምስት፣ አሥር። ጀልባ ላይ መቶ ዶላር የሚዘረዝር የለም። የቢጫ ወባ ክትባት ቢጫ ካርዳችሁንም አትርሱ፤ ከእኛ አገር የተነሳ ሰው በየመሸጋገሪያው ሊጠየቅ ይችላል። የኤሌክትሪክ ሶኬቱ እንደ አሜሪካ ሁለት ጠፍጣፋ ጥርስ ነው፤ ኃይሉም የእኛ ግማሽ ያህል ነው። ቻርጀራችሁ ላይ ከ100 እስከ 240 ካለ ችግር የለም። ሽሮና በርበሬ የምትይዙ ከሆነ ጉዋም ላይ ቅጹ ላይ ጻፉት። እኔ ጽፌው ነበር፤ ሰውየው ከፍቶ አሸተተ፣ አስነጠሰው፣ ዘጋው።

መጥለቅ የት ይለመዳል? ዋና የተማርኩት በልጅነቴ ግዮን ሆቴል ገንዳ ነው። ይሄ ግን ዋና እንጂ መጥለቅ አይደለም። ለእኛ ቅርቡ ጅቡቲ ነው። መጀመሪያ 18 ሜትር የሚያወርደውን ኮርስ ውሰዱ፤ ከዚያ 30 ሜትር የሚያወርደውን። ከመርከቦቹ ብዙዎቹ ለመጀመሪያው ካርድ ጠልቀው ነው የተቀመጡት። መኪኖቹ ያሉበትን ለማየት ከ30 ሜትር በታች ስለሚኬድ እኔ ሦስተኛ ሥልጠና ጨመርኩ፤ እስከ 40 ሜትር የሚፈቅደውን። አስቸኩሎ የሚያስጨርስ አሠልጣኝ ካገኛችሁ ሽሹ። እዚያ ታች አንድ ሲሊንደር አየር ላይ ላዩን ከሚያቆያችሁ ጊዜ ሩብ እንኳ አያቆያችሁም። 30 ሜትር ላይ ያለው ግፊት ከላዩ አራት እጥፍ ነው፤ እያንዳንዷ ትንፋሽ አራት እጥፍ አየር ትበላለች። ከዚያም ሲያልፍ ጭንቅላት ይሰክራል። የምሬን ነው። ሁለተኛ ብርጭቆ ጠጅ ላይ እንደሚመጣው ዓይነት ደስታ ነው፤ ደስታው ራሱ ነው አደጋው።

የቹክ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ዌኖ ደሴት ላይ ነው፤ ጫፉ ባሕር ነው። ስታርፉ ውኃ ላይ የምታርፉ ይመስላችኋል። መስከረም 2011 ዓ.ም. ላይ አንድ አውሮፕላን በእርግጥ ውኃው ላይ ወድቋል። 47 ሰዎች ነበሩበት፤ ከአንድ መንገደኛ በስተቀር ሁሉም ተረፉ። የደሴቱ ሰዎች በትናንሽ ጀልባዎቻቸው ፈጥነው ደርሰው ነው ሰው ያወጡት። ሰዎቹን ስታገኙ "ራን አኒም" በሉ፤ እንደምን ዋላችሁ እንደማለት ነው። "ኪኒሶ" ደግሞ አመሰግናለሁ ነው። በእኛ ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን እዚያ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ቤት ስትደውሉ አስቡበት።

መንገዱን ሳይ እንደ አገሬ ተሰማኝ፤ ጉድጓዱን ማለቴ ነው። መኪኖቹ ያገለገሉ የጃፓን መኪኖች ናቸው፤ መሪያቸው በቀኝ ነው፤ የሚነዱትም በቀኝ መስመር! ሾፌሩ ለመቅደም ሲፈልግ ጎኑ የተቀመጠው ሰው ነው አይቶ "እለፍ" የሚለው። በየግቢው ጎማ የሌለው፣ ኮፈኑ የተነሳ፣ ሣር የበቀለበት መኪና አለ። ከነሱ ስንት ካምቢዮ እንደሚወጣ ሳላስበው ስቆጥር ነበር።

ልብስ ቀላል ይሁን። ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ 27 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ዝናቡ ሳያስጠነቅቅ ይመጣል። ሴቶች ከጉልበት በታች የሚወርድ ቀሚስ ቢይዙ ይከበራሉ፤ ቁምጣ ለጀልባ ነው። እሑድ የቤተ ክርስቲያን ቀን ነውና ብዙ ነገር ጸጥ ይላል። ከመሸ በኋላ ከተማ ውስጥ አትንከራተቱ። ምግቡ ዓሣና ሩዝ ነው። ከዚያ የዳቦ ፍሬ የሚሉት አለ፤ ተቀቅሎ ይወቀጣል። ደግሞ ጎደሬ! ጾም ላይ ስለነበርኩ በሱ ነው የኖርኩት። የወላይታ ልጅ ብሆን ኖሮ ቤቴ ያለሁ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወደ ውኃው። ብቻችሁን አትገቡም፤ የአካባቢው አስጎብኚ ግዴታ ነው፣ የመጥለቂያ ፈቃድም ይከፈላል። ይህን ሥራ እዚያ ካስጀመሩት አንዱ ኪሚዎ አይሴክ የተባለ የደሴቱ ሰው ነው። ድብደባውን በ17 ዓመቱ በዓይኑ አይቷል፤ የትኛው መርከብ የት እንደሰመጠ ያስታውስ ስለነበር ኋላ ላይ ብዙዎቹን እየፈለገ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1973 የመጥለቂያ ሱቅ ከፈተ። ከዚያ በፊት በ1969 ፈረንሳዊው ዣክ ኩስቶ መጥቶ ቦታውን ለዓለም አሳውቆት ነበር።

የመጀመሪያ ቀን ፉጂካዋ ማሩ የምትባለውን መርከብ ጠይቁ፤ "ማሩ" ጃፓኖች በመርከብ ስም ላይ የሚጨምሩት ቃል ነው። ቀጥ ብላ እንደቆመች ነው የተቀመጠችው፤ መርከቧ ላይኛው ክፍል ብዙ ጥልቅ ስላልሆነ ለመለማመጃ ይመቻል። ዕቃ መጫኛዋ ውስጥ የተፈታቱ ተዋጊ አውሮፕላኖች አሉ፤ ዜሮ የሚሏቸው። የመብራታችሁን ጨረር ስታዞሩ ክንፉ፣ የአብራሪው መቀመጫ፣ የመሣሪያ ሰሌዳው ቀዳዳዎች ይታያሉ። እኔን ያስቆመኝ ግን ሌላ ነው። ሞተር ክፍሉ አጠገብ የጥገና ክፍል አላት። ገባሁ። ቶርኖ አለ፤ ብረት እያዞረ የሚቀርጸው ማሽን። ተክለ ሃይማኖት ጀርባ ካለው ጓደኛዬ ጋራዥ ያለው ዓይነት ቶርኖ፣ ቁጭ ብሎ። ጎኑ ቋሚ መሰርሰሪያ አለ። ግድግዳው ላይ ደግሞ ሁለት ዓይንና አፍ ያለው የሚመስል ኮምፕረሰር ተሰቅሏል፤ ጠላቂዎች በአንድ የፊልም ሮቦት ስም ይጠሩታል። እጄን ዘርግቼ የቶርኖውን እጀታ ላዞር ነበር። አስጎብኚው ክንዴን ያዘኝና ጣቱን ወዘወዘ።

ልክ ነበር። ምንም ነገር ማንሳት በሕግ የተከለከለ ነው። መንካትም ቢሆን ብልህነት አይደለም፤ ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ ሞልቷል። ሌላም ነገር አለ። እግራችሁን ካወራጫችሁ ደለሉ ይነሳና ክፍሉ ጥቁር ቡና ይሆናል። መውጫው ይጠፋችኋል። በጉልበታችሁ ታጠፉ፣ በቀስታ ርገጡ፣ ሁለት መብራት ያዙ። አንዱ እኔ ላይ በሁለተኛው ቀን ጠፍቷል።

ሄያን ማሩ በጎኗ ተኝታለች። 155 ሜትር ትረዝማለች። ከጦርነቱ በፊት ከዮኮሃማ ሲያትል መንገደኛ ታመላልስ ነበር፤ ስሟ እስካሁን በሁለት ዓይነት ፊደል ይነበባል። ጎኗ ላይ የሰርጓጅ መርከብ ማያ ቱቦዎች ተጋድመዋል። ሺንኮኩ ማሩ ደግሞ ነዳጅ ጫኝ ናት፤ ፐርል ሃርበርን ለመታው ጦር ነዳጅ ትቀዳ የነበረችው። አሁን ኮራሉ ሸፍኗት አበባ ለብሳለች። ከውስጧ የሕክምና ክፍል የቀዶ ጥገና አልጋ አለ። እዚያ ብዙ አልቆየሁም። የሰው አጥንት ያለበት ቦታ ነው። በአንዳንዶቹ መርከቦች ውስጥ አሁንም ሰዎች አሉ። ፎቶ ለመነሳት አትሽቀዳደሙ፤ መቃብር ላይ የማታደርጉትን እዚያም አታድርጉ።

የሄድኩበት ጉዳይ ሆኪ ማሩ ናት። መጀመሪያ ስሟ ሃውራኪ ነበር፤ የኒውዚላንድ ኩባንያ መርከብ። እ.ኤ.አ. በ1942 ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ሆኮኩ ማሩና አይኮኩ ማሩ የሚባሉ ሁለት የጃፓን መርከቦች ያዟት፤ ስሟንም ለወጡት። እኛ ጋ ስፖኪዮህ ጠዋት ይሰረቅና ከሰዓት ራሱን መልሰህ ትገዛለህ ይባላል። እኔ የተሰረቀ ሸጬ አላውቅም፤ ሥራዬ ግን ሐሜቱን ለምዶታል። ስለዚህ የሆኪን ታሪክ ስሰማ ሳቄ መጣ። ከዚያ መጨረሻውን ነገሩኝ። ከዘራፊዎቹ አንዷ፣ አይኮኩ ማሩ፣ በዚያው ድብደባ እዚያው ውኃ ውስጥ ፈነዳች። የፊት ግማሿ የለም። የመታት አውሮፕላን እንኳ ከፍንዳታው አልተረፈም። ብዙ መቶ ሰው አብሮ አለቀ። ዘራፊውም የተዘረፈውም አንድ የታጠረ ባሕር ውስጥ ተኝተዋል። አይኮኩ ለእኔ ካርድ በጣም ጥልቅ ስለሆነች አልወረድኩም።

ሆኪ ላይ ግን ወረድኩ። ከኋላ ያለው መጫኛ ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ ምንም አይታይም። ከዚያ መብራቱ አንድ ቸርኬ ላይ ያርፋል። ከዚያ ሌላ። ከዚያ መኪኖቹ ተሰልፈው ይመጣሉ። እንደ መናኸሪያ፣ ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አድርገው። የጋቢናው ቆርቆሮ በስሏል፤ መሪው ግን ክቡ እንዳለ ነው። ፓራፋንጎው ላይ ዝገቱ እንደ ቅርፊት ተነስቷል። ጎማው! ጎማው አልበሰበሰም። ባሌስትራውን አጎንብሼ ቆጠርኩ፤ ስድስት ላይ ስደርስ የአየር መለኪያዬን አየሁ። ቡልዶዘርም አለ። ማን እንደሠራቸው ማወቅ ፈልጌ ጽሑፍ ፈለግኩ፤ ዝገቱ በልቶታል። ስምንት ደቂቃ ብቻ ነው የቆየሁት። አስጎብኚው አውራ ጣቱን ወደ ላይ አሳየኝ። በውኃ ውስጥ ይህ "ጎበዝ" ማለት አይደለም፤ "እንውጣ" ማለት ነው።

አብሯችሁ የማይጠልቅ ሰው ካለ አይከፋው። ኡማን ደሴት አጠገብ ዳይ ና ሂኖ ማሩ የምትባል ትንሽ መርከብ አለች፤ የፊት መድፏ ከውኃው ወለል ሥር ነው፤ በመነጽርና በቱቦ ይታያል። ኤተን ደሴት ዳርም አንድ ዜሮ አውሮፕላን ጥልቅ ባልሆነ ውኃ ውስጥ ተገልብጧል።

የመጨረሻውን ቀን ለየብስ ተዉት። ዌኖ ላይ ኔፎ ዋሻ አለ፤ የጃፓኖች መድፍ እንደተቀመጠ ነው። ዣቪየር የሚባለው የኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ደግሞ የድሮ የጃፓን የሬዲዮ ጣቢያ ሕንፃ ውስጥ ነው። መሬቱ ሁሉ የቤተሰብ ነው፤ ሳትጠይቁ አትግቡ፤ ትንሽ ክፍያም ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። አትከራከሩ። የሰው ግቢ ነው።

ለየብስ ተዉት ያልኩት ለጉብኝቱ ብቻ አይደለም። ስትጠልቁ ሰውነታችሁ ናይትሮጂን ያጠራቅማል። ቶሎ ወደ ሳሳ አየር ከወጣችሁ እንደተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ ሰውነታችሁ ውስጥ አረፋ ይሠራል። ስለዚህ ደጋግሞ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 18 ሰዓት አውሮፕላን ላይ አይወጣም፤ እኔ ሙሉ ቀንና ሌሊት እጠብቃለሁ። ለአዲስ አበባ ልጅ ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። ይሄ የአውሮፕላን ውስጥ አየር ያህል የሳሳ ነው፤ አንዳንድ አዳዲስ አውሮፕላኖች ላይማ በሩ ሲከፈት የባሰ ወደ ሳሳ አየር ነው የምትወጡት። ሌላው ሰው ከአውሮፕላን ወርዶ ያርፋል። እኛ ቤታችን ገብተን እዚያው ከፍታ ላይ እንተኛለን።

ይህን የተማርኩት ከጅቡቲ ነው። ጠዋት ጠልቄ ማታ በረርኩ። ሌሊቱን የቀኝ ትከሻዬ ውስጡ እንደ ጥርስ ሕመም ያመኝ ጀመር። እናቴ "ብርድ ነው፣ መስኮት ከፍተህ ተኝተህ ነው" ብላ በቅባት አሸችኝ። በነጋታው የሄድኩበት ክሊኒክም "ብርድ ነው" ብሎ ማስታገሻ ሰጠኝ። አልፈርድባቸውም፤ ባሕር እንደወረድኩ አልነገርኳቸውም። አሠልጣኜ በስልክ ሲሰማ ነው የጮኸብኝ፤ ብርድ ሳይሆን ያ የናይትሮጂን አረፋ ነው ብሎ። በባቡር ብመለስስ እንዳትሉ፤ ባቡሩም የሚወጣው ያንኑ ዳገት ነው። እዚያው ሁለት ሌሊት ማደር ነው ያለው።

ወደ ቹክ ከመሄዳችሁ በፊትም ጠላቂን የሚሸፍን መድን ግዙ፤ ከባድ ነገር ከመጣ በአውሮፕላን ወደ ሌላ ቦታ መወሰድ ሊኖር ይችላል። ቤት ከገባችሁ በኋላ መጋጠሚያ ካመማችሁ፣ ቆዳችሁ ከተዥጎረጎረ ወይም እግራችሁ ከደነዘዘ ሐኪሙ ገና ሳይጠይቃችሁ "ባሕር ውስጥ ጠልቄ ነበር፣ ይህን ያህል ሜትር፣ በዚህ ቀን" ብላችሁ ጀምሩ። ኦክስጅን እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። ብርድ ነው ካሏችሁ ደግማችሁ ንገሯቸው።